ኦሜፕራዞሉ ነው እምቢ ያለው ወይስ ሰዓቱ?

ጥያቄ፦ «41 ዓመቴ ነው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የባልትና ሱቅ አለኝ። ቃር ከጀመረኝ ሁለት ዓመት ሆነ። ደረቴን ያቃጥለኛል፤ ሌሊት ኮምጣጣ ውሃ እስከ ጉሮሮዬ ይመጣል። የጨጓራ ባክቴሪያ አለብሽ ተብዬ የሁለት ሳምንት መድኃኒት ሁለት ጊዜ ጨርሻለሁ። ባለፈው ወር ደሜን ስመረመር ግን አሁንም አለብሽ አሉኝ። ኦሜፕራዞል ሲያመኝ ሲያመኝ እወስዳለሁ። ሱቅ የምዘጋው ከምሽቱ 3 ሰዓት ስለሆነ እራቴን በልቼ ስተኛ ነው የምውጠው። በጾም እስከ 9 ሰዓት ምንም ስለማልቀምስ ጠዋት አይመቸኝም። አሁን ደግሞ ኦሜፕራዞል ኩላሊት ይጎዳል፣ የመርሳት በሽታ ያመጣል ሲባል ሰምቼ ፈራሁ። ዱባይ ያለችው እህቴ ‹በጥናት የተረጋገጠ፣ ቃርን ከሥሩ የሚነቅል አዲስ መድኃኒት አለ፤ ቮኖፕራዛን ይባላል፤ ልላክልሽ› እያለችኝ ነው። ኦሜፕራዞሉን ላቁም? አዲሱን ልጀምር? ወይስ ኦፕሬሽን ይሻላል?»

መልስ፦ ቃርን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት የለም። ቮኖፕራዛንም አይነቅለውም። ኦሜፕራዞሉን አያቁሙ፤ አሁን በሚወስዱበት መንገድ ግን አይቀጥሉ። «ወስጄው አልሆነልኝም» የሚሉት መድኃኒት እንደ እውነቱ ከሆነ ገና በወጉ አልተሞከረም።

ከስሙ ልጀምር። እኛ ዘንድ ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» ነው። የሚያቃጥለውም፣ የሚነፋውም፣ የሚቆርጠውም በአንድ ስም ይጠራል። ከዚያ ጎረቤት የጎረቤቱን መድኃኒት ይዋሳል። የእርስዎ ምልክት ግን የጨጓራ ቁስል አይመስልም። ደረት ላይ የሚያቃጥል፣ ሲተኙ የሚብስ፣ ኮምጣጣ ውሃ ወደ ጉሮሮ የሚመልስ ነገር ቃር ነው። ሐኪሞች የአሲድ ሪፍለክስ የምንለው እሱን ነው።

ቃር በአብዛኛው አሲድ በዝቶ የሚመጣ አይደለም። አሲዱ ያለቦታው ስለሄደ ነው። የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ ከረጢት አፍ የሚጠብቅ ክብ ጡንቻ አለ። ስንውጥ ይከፈታል፣ ከዚያ ይዘጋል። ጨጓራ በምግብና በአየር ሲወጠር ግን ሳንውጥም ለጥቂት ሰከንዶች ይላላል። ግሳት የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው፤ ጤነኛ ሰውም ላይ ይሆናል። ቃር ያለበት ሰው ላይ አየሩ ብቻውን አይወጣም፤ አሲዱም ይከተለዋል። አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ የጨጓራው አናት በድያፍራም (ደረትን ከሆድ በሚለየው ጡንቻ) ቀዳዳ ወደ ደረት ሾልኮ ይወጣና መዝጊያው ጉልበት ያጣል። ጨጓራ አሲዱን የሚችልበት ወፍራም መከላከያ አለው። የምግብ ቧንቧ ያ የለውም፤ ስለዚህ ይቃጠላል።

ዛሬ በተለምዶ የሚታዘዙት የቃር መድኃኒቶች፣ አሮጌዎቹም አዲሶቹም፣ የሚሠሩት አሲዱ ላይ ነው። የላላውን መዝጊያ አይጠግኑም። ተመራማሪዎች ጡንቻውን ራሱን ለማስተካከል ሳይሞክሩ ቀርተው አይደለም። ሲሳፕራይድ የሚባል መድኃኒት ነበር፤ የልብ ምት እያዛባ ሰው ስለገደለ በ2000 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ባክሎፌን ያለጊዜው የሚመጣውን መላላት ይቀንሳል። ግን ያፈዛል፣ ያዞራል፤ ለዕለት ተዕለት የሚሆን አይደለም። «ከሥሩ የሚነቅል» የሚለውን ቃል የሰማሁ ጊዜ ሁሉ የሚያጠራጥረኝ ለዚህ ነው። ሥሩ መዝጊያው ነው፤ ክኒኖቹ ደግሞ እዚያ አይደርሱም።

አሁን ወደ ባክቴሪያው። የጨጓራና የትንሹ አንጀት ቁስል ዋና መንስኤ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ይኸው ባክቴሪያ መሆኑን ያሳዩት አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ናቸው። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን አሳመመ። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ግኝቱ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ስለ ቁስል እንጂ ስለ ቃር አይደለም። ኤች ፓይሎሪ ቃር አያመጣም። እሱን ማጥፋትም በአብዛኛው ቃርን አያድንም። እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ደግሞ ባክቴሪያው በአካባቢያችን በጣም የተስፋፋ ነው። ምንም ያላመመውን ሰው ቢመረምሩትም ሊገኝበት ይችላል። ተገኘ ማለት ቃጠሎውን ያመጣው እሱ ነው ማለት አይደለም።

ሌላው ስህተት የደም ምርመራው ነው። የደም ምርመራው የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነትዎ በባክቴሪያው ላይ ያዘጋጀውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። ሌባ ቤት ውስጥ መኖሩን አይነግርዎትም፤ አንድ ቀን ገብቶ እንደነበር ብቻ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ከታከሙ በኋላ በደም ምርመራ «አሁንም አለ» መባልዎ ዋጋ የለውም። በዚያ ወረቀት ብቻ ሦስተኛ ዙር አንቲባዮቲክ እንዳይጀምሩ። መጥፋቱን ማወቅ ከፈለጉ የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ያሠሩ። እሱም አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ካቆሙ ሁለት ሳምንት ቆይተው መሆን አለበት። አለዚያ ባክቴሪያው ተደብቆ «የለም» ሊልዎት ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን፤ ሰዓቱ።

ኦሜፕራዞል ለገበያ የቀረበው በ1988 ነው። ይኸው ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ሆነው፤ ዛሬም አብዛኛው ሰው አወሳሰዱን ይሳሳታል። ጥፋቱ የታማሚው ብቻ አይደለም። እኛም «አንድ ፍሬ በቀን» ብለን ጽፈን እንሸኛለን። ጨጓራ ግድግዳ ላይ አሲድ የሚያመነጩ ጥቃቅን ፓምፖች አሉ። ኦሜፕራዞል የሚይዘው ሥራ ላይ ያለውን ፓምፕ ብቻ ነው፤ የተኛውን አይነካም። ፓምፖቹን የሚቀሰቅሳቸው ደግሞ ምግብ ነው። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ብዙ አይቆይም። በየአንድ ሰዓቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ መድኃኒቱ ደም ውስጥ እያለ ምግቡ መምጣት አለበት። ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ የሚባለው ለዚህ ነው። እርስዎ ግን እራት በልተው ሊተኙ ሲሉ ይውጡታል። ድግሱ አልቆ፣ ሰው ተበትኖ፣ ዕቃ ሲታጠብ የሚደርስ እንግዳ ሆነ ማለት ነው።

«ሲያመኝ ሲያመኝ» የሚለውም አይሆንም። ኦሜፕራዞል እሳት ማጥፊያ አይደለም። የመጀመሪያው ቀን የሚይዘው ከፓምፖቹ የተወሰኑትን ነው። በተከታታይ ሲወሰድ ነው፣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ውስጥ፣ ሙሉ ጉልበቱን የሚያሳየው። አንድ ቀን ወስደው ሦስት ቀን ከተዉት ሁልጊዜ መነሻው ላይ ነዎት። ለድንገተኛው ቃጠሎ ፈጥኖ የሚደርሰው የሚታኘከው ወይም የሚጠጣው ፀረ-አሲድ ነው። ካፕሱሉን ከፍተው ፍሬዎቹን የሚፈጩ ከሆነም ይተዉ። ፍሬዎቹ የተሸፈኑት መድኃኒቱን አሲዱ እንዳያበላሸው ነው።

ጾሙ ችግር አይደለም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ብዙ ሰው በሁዳዴ መድኃኒቱን እርግፍ አድርጎ ስለሚተወው ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውጠው እስከ 9 ሰዓት ቢቆዩ በእርግጥ ከንቱ ነው። ምግቡ ሲመጣ መድኃኒቱ ሄዷል። ነገር ግን 9 ሰዓት ሲሞላ ጾሙን በውሃና በክኒኑ ይፍቱ። ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ከዚያ ይብሉ። የቀኑ የመጀመሪያ ማዕድ እሱ ስለሆነ ፓምፖቹ በብዛት የሚነሱት ያኔ ነው። የጾም ሕግ አልተነካም፣ መድኃኒቱም ሰዓቱን አገኘ። በፍስክ ቀን ደግሞ ከቁርስ በፊት ግማሽ ሰዓት። ሙስሊም ደንበኞች ካሉዎትም ይንገሯቸው፤ በረመዳን ከማፍጠሪያው ተምር ጋር ውጦ፣ መግሪብ ሰግዶ መብላት ያው ነው።

ይህ የሰዓት ጉዳይ ትንሽ ነገር ከመሰለዎት አንድ ጥናት ልንገርዎ። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የተሠራ ነው፤ ውጤቱ የታተመው በ2019 ነው። አጥኚዎቹ «መድኃኒት እምቢ አለኝ» ብለው የተላኩ 366 የቃር ታማሚዎችን ሰበሰቡ። ዓላማቸው ኦፕሬሽንን ከመድኃኒት ጋር ማወዳደር ነበር። ግን ወዲያው ታማሚዎቹን በዕጣ ወደ መመደብ አልገቡም። መጀመሪያ ሁሉም ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ በፊት፣ ለሁለት ሳምንት በትክክል እንዲወስዱ አደረጉ። 42ቱ ዳኑ። «እምቢ ያለው» መድኃኒት ያው ራሱ ነበር! ከዚያ የቀሩትን በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ) እና በ24 ሰዓት የአሲድ መለኪያ መረመሯቸው። 99ኙ ጭራሽ የአሲድ በሽታ አልነበራቸውም። የሚያቃጥላቸው አሲድ ሳይሆን ከመጠን በላይ የነቃ ነርቭ ነበር። 23ቱ ሌላ የምግብ ቧንቧ ችግር ነበረባቸው። 70ው ምርመራውን አልጨረሱም፤ 54ቱ በሌላ ምክንያት ወጡ። ከ366 ሰው እውነተኛ መድኃኒት የማይበግረው ቃር ይዘው የተገኙት 78 ብቻ ናቸው።

እነዚያ 78ቱ በዕጣ ተመደቡ። ከአንድ ዓመት በኋላ ኦፕሬሽን ከደረሳቸው 27 ሰዎች 18ቱ፣ ማለትም 67 በመቶው፣ በግልጽ ተሻላቸው። ኦሜፕራዞል ላይ ሌላ መድኃኒት ከተጨመረላቸው 28 በመቶው፣ ኦሜፕራዞልና አምሳያ ክኒን (መድኃኒት የሌለበት) ከተሰጣቸው ደግሞ 12 በመቶው። ስለዚህ ኦፕሬሽን ይሠራል። የሚሠራው ግን በደንብ ተጣርቶ ለተመረጠ ሰው ነው። እኔ ከዚህ ጥናት የምወስደው ትልቁ ትምህርት የኦፕሬሽኑ ውጤት አይደለም፤ ማጣሪያው ነው። እርስዎ ገና የማጣሪያው የመጀመሪያ በር ላይ ነዎት። በዚያ በር ብቻ 42 ሰው ድኖ ወጥቷል።

የእህትዎን መድኃኒት እንይ። ቮኖፕራዛን እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ ማጭበርበሪያ አይደለም። ጃፓን በ2014 ፈቀደችው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የምግብ ቧንቧ ቁስለት ላላቸው ሰዎች የፈቀደው በኅዳር 2023 ገደማ ነው። ፓምፑን የሚዘጋው በሌላ መንገድ ስለሆነ ምግብ እስኪቀሰቅሰው አይጠብቅም። በምግብ ሰዓት አለመታሰሩ ለሚጾም ሰው እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ይህን አልክድም። ከ1,000 በላይ ታማሚዎች ባሉበት ጥናት የኦሜፕራዞል ዘመድ ከሆነው ከላንሶፕራዞል ጋር ተወዳድሯል። በስምንት ሳምንት የምግብ ቧንቧ ቁስላቸው የዳነላቸው በቮኖፕራዛን 93 በመቶ፣ በላንሶፕራዞል 85 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ቁስሉ የከፋባቸው ላይ ነው። ከእነሱ መካከል በሁለት ሳምንት የዳኑት 70 በመቶ ለ53 በመቶ ነበሩ።

ጥሩ ቁጥር ነው። ግን ሁለት ነገር ያስተውሉ። አንደኛ፣ የቆየው መድኃኒትም 85 በመቶውን አድኗል። ሁለተኛ፣ እነዚህ ሰዎች በኢንዶስኮፒ የታየ ቁስል ያለባቸው ናቸው። የቃር ምልክት ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግን በኢንዶስኮፒ ሲታዩ ቁስል የለባቸውም። እርስዎ የትኛው ወገን እንደሆኑ ገና አልታወቀም። ቁስል የሌለባቸው ላይ ቮኖፕራዛን ለአራት ሳምንት ሲሞከር፣ ቃር ያልነካቸው ቀናት 45 በመቶ ገደማ ነበሩ። መድኃኒት የሌለበትን አምሳያ ክኒን የወሰዱት ደግሞ 28 በመቶ። አዲሱን መድኃኒት እየወሰዱም ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ቀናት ቃር ነበረ ማለት ነው። ከሥሩ መንቀል ይህ ከሆነ ሥሩ ጠንካራ ነው። አምሳያውን ክኒን የወሰዱት ቁጥርም ትንሽ አይደለም። «እገሌ ወስዶ ዳነ» የሚለው ወሬ ለምን ማስረጃ እንደማይሆን እዚያ ላይ ይታያል።

በሻንጣ የሚመጣ መድኃኒት ሌላ ጣጣም አለው። ሲያልቅ ምን ይሆናል? ሙቀት ላይ ቆይቶ እንደሆነስ? ከሌላ መድኃኒት ጋር ቢጋጭ እዚህ ማን ይከታተልዎታል? ኦሜፕራዞል በየመድኃኒት ቤቱ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ጠባዩንም እናውቀዋለን። መጀመሪያ እሱ በትክክል ይሞከር።

ፍርሃቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው በዚህ ነው። ኦሜፕራዞልና ዘመዶቹ ከመርሳት በሽታ፣ ከኩላሊት ድካም፣ ከአጥንት ስብራት ጋር ተያይዘው ስማቸው ተነስቷል። አብዛኞቹ ጥናቶች ግን የሰዎችን የሕክምና መዝገብ ወደኋላ ሄደው ያዩ ናቸው። ይህን መድኃኒት በብዛት የሚወስደው ማን ነው? ዕድሜው የገፋ፣ ብዙ በሽታ ያለበት፣ ብዙ ክኒን የሚውጥ ሰው። እሱ ደግሞ መድኃኒቱን ባይወስድም ኩላሊቱ የመድከም ዕድል አለው። ሆስፒታል በር ላይ የቆመውን ሰው ሁሉ ቆጥሮ «ሆስፒታሉ ነው ያሳመመው» እንደማለት ነው። ነገሩን ለማጥራት ሰዎችን በዕጣ መመደብ ያስፈልጋል።

ያ ተደርጓል። በ2019 የወጣ ጥናት 17,598 ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ለአንዱ ወገን የኦሜፕራዞል ዘመድ የሆነውን ፓንቶፕራዞል፣ ለሌላው አምሳያ ክኒን ሰጠ። ሦስት ዓመት ገደማ ተከታተላቸው። በመርሳት በሽታ፣ በኩላሊት በሽታ፣ በስብራት፣ በሳንባ ምች ሁለቱ ወገኖች አልተለያዩም። የተለየው የአንጀት ኢንፌክሽን ብቻ ነው፤ 1.4 በመቶ ለ1.0 በመቶ። ሦስት ዓመት አሥር ዓመት አይደለም፤ ገደቡ ይህ ነው። ግን ከወሬ ይሻላል። የአንጀት ኢንፌክሽኑን ደግሞ እኛ አገር ቀለል አድርጌ አላየውም። የጨጓራ አሲድ ከውሃና ከምግብ ጋር የሚገባን ተህዋስ ይገድላል። አሲዱን ካበረዱት በሩ ትንሽ ይከፈታል። ኦሜፕራዞል እየወሰዱ ያልፈላ ውሃ፣ በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ፣ ጥሬ ሥጋ አያብዙ። ክትፎዎን ለብለብ ሳይሆን ብስል ይዘዙ።

እውነተኛ ጉዳቶቹ ሌሎች ናቸው። አልፎ አልፎ የኩላሊት ድንገተኛ ብግነት ያመጣል፤ እምብዛም አይታይም፣ ግን አለ። ለዓመታት ሲወሰድ ማግኒዚየምና ቫይታሚን ቢ12 ሊቀንስ ይችላል። ክሎፒዶግሬል የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኦሜፕራዞል መውሰድ የለበትም፤ ፓንቶፕራዞል ይቀየርለት። ስለዚህ «ዕድሜ ልክ፣ ያለ ክትትል» የሚለውን እኔም አልደግፍም። በሌላ በኩል ደግሞ በፍርሃት በአንድ ቀን ማቋረጥ የራሱ ወጥመድ አለው። ዴንማርክ ውስጥ 120 ፍጹም ጤነኛ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ፤ በ2009 የታተመ። ግማሾቹ ለስምንት ሳምንት ሌላውን የኦሜፕራዞል ዘመድ፣ ኢሶሜፕራዞልን ወሰዱ፤ ከዚያ ሳያውቁት ወደ አምሳያ ክኒን ተቀየሩ። ቃር ኖሯቸው ከማያውቁት ከእነዚህ ሰዎች 44 በመቶው የአሲድ ምልክት ጀመራቸው። ከመነሻው አምሳያ ሲወስዱ ከነበሩት ግን 15 በመቶው ብቻ። ፓምፖቹ ለረጅም ጊዜ ታፍነው ሲለቀቁ ለጊዜው ይበረታሉ። ሰውየው «በሽታዬ ተመለሰ» ብሎ መልሶ ይጀምራል። ጥቂት ሳምንት ሲታገሡት ይበርዳል። ስለዚህ ሲያቆሙ ቀስ ብለው ይቀንሱ፤ በአንዴ አይጣሉት።

ከመድኃኒቱ እኩል የማየው የእራትዎን ሰዓት ነው። 3 ሰዓት ሱቅ ዘግተው፣ 4 ሰዓት በልተው፣ ወዲያው ይተኛሉ። ሙሉ ከረጢት አፉን ሳያስሩ አግድም አስተኙት ማለት ነው። ትልቁን ምግብ ሱቅ ውስጥ እያሉ በ12 ሰዓት ገደማ ይብሉ። ልጅ ቤት ካለ ያምጣልዎት። ማታ ቤት ሲገቡ ቀለል ያለ ነገር ይቅመሱና ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጋደም አይበሉ። ተልባ ይጠጡ ይሆናል፤ ጎጂ አይደለም። ግን 4 ሰዓት ላይ ሙሉ ብርጭቆ ጠጥተው ከተኙ ያው ሆድዎን ሞልተው መተኛትዎ ነው። ወተትም ለደቂቃዎች ያበርዳል፤ ቆይቶ ጨጓራው ሌላ አሲድ ያመነጫል።

ስለ አተኛኘት ጥሩ ማስረጃ አለ። የአልጋውን ራስጌ በጡብ ወይም በእንጨት ከፍ ማድረግ ይረዳል። ትራስ መደራረብ ግን አንገት ብቻ ነው የሚያጎብጥ። በግራ ጎን መተኛትም ይረዳል። በ2022 የወጣ የሆላንዶች ጥናት የተኙ ሰዎች ላይ እንደለካው፣ ወደ ላይ የመጣ አሲድ በግራ ጎን ሲተኙ በ35 ሰከንድ ገደማ ሲጠራ፣ በጀርባ 76፣ በቀኝ ጎን ደግሞ 90 ሰከንድ ይፈጃል። ነጻ ሕክምና ነው። ክብደት ከጨመሩ መቀነስም በግልጽ ይረዳል። ወገብዎን በመቀነት ወይም በነጠላ ጠበቅ አድርገው የሚያስሩ ከሆነም ያላሉት። ግላስጎው ውስጥ ጤነኛ ሰዎች ቀበቶ ታስሮላቸው ተለክተው ነበር፤ ቀበቶው ሆድን ጨምቆ አሲዱን ወደ ላይ ሲገፋው ታይቷል። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ማበጠርና መንፋትም ያንኑ ያደርጋል፤ በተለይ ከበሉ በኋላ።

በርበሬና ቡና? እዚህ ላይ ሐኪሞች ከመጠን በላይ እንከለክላለን። ባልትና ለሚሸጥ ሰው በርበሬ አትንኪ ማለት ቀልድ ነው። ሁሉንም ሰው ከቡና ወይም ከበርበሬ ለመከልከል የሚያበቃ ማስረጃ የለም። የሚያቃጥልዎትን እርስዎ ያውቁታል። ለሁለት ሳምንት ይተዉት፤ ካልተለወጠ መልሰው ይብሉ። ቡና ከሦስቱ አቦሉን ብቻ መጠጣት ይበቃ ይሆናል። በእራት ላይ አምቦ ውሃና ለስላሳ ግን ይቅሩ። ጋዙ ጨጓራውን ይነፋዋል፤ መዝጊያው ደግሞ የሚላላው ሲወጠር ነው። የደም ግፊት ካለብዎትና አምሎዲፒን ከጀመሩ ወዲህ ከባሰብዎት ለሐኪምዎ ይንገሩ። እሱም መዝጊያውን ያላላል። በራስዎ ግን እንዳያቆሙት።

ኦፕሬሽኑን በአጭሩ። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ኒሰን በ1950ዎቹ የጀመረው ዘዴ ነው፤ የጨጓራው አናት በምግብ ቧንቧው ግርጌ ዙሪያ ይጠቀለላል። መዝጊያውን በእርግጥ የሚነካው ሕክምና ይህ ነው። በ2011 የታተመ የአውሮፓ ጥናት 554 ታማሚዎችን ለአምስት ዓመት ተከታትሏል። በኢሶሜፕራዞል 92 በመቶው፣ በኦፕሬሽን 85 በመቶው በሽታው ተይዞላቸው ቆይቷል። ኮምጣጣ ውሃ መመለሱን ኦፕሬሽኑ በደንብ ያስቆማል፤ በኦፕሬሽን 2 በመቶው፣ በመድኃኒት 13 በመቶው ላይ ነበረ። በምትኩ ለመዋጥ መቸገርና ሆድ መነፋት ይበዛል። ኦሜፕራዞል ለሚረዳው ሰው የሚቸኮልበት ነገር አይደለም። ኦሜፕራዞል በትክክል ተወስዶ ላልረዳው ደግሞ ያለ ኢንዶስኮፒና ያለ አሲድ መለኪያ መግባት ቁማር ነው። መለኪያው በየከተማው አይገኝም፤ ቢያስኬድም መሄድ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት መጣራት ያለባቸው ምልክቶች አሉ። ምግብ ሲውጡ ደረት ላይ የሚቀር ከሆነ፣ ሳይፈልጉ ክብደት ከቀነሱ፣ ደም ካስታወከዎት፣ ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ማነስ አለ ከተባሉ ከዚህ በታች የማዝዝዎትን ስምንት ሳምንት አይጠብቁ። በቀጥታ ለኢንዶስኮፒ ይሂዱ። ደረትዎን የሚያፍነው ዳገት ሲወጡ ከሆነ፣ ሲያርፉ ከተወዎት፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ ደግሞ ቃር ብለው አይተርጉሙት። ልብ ሊሆን ይችላል፤ ያን ቀን ራሱ ይታዩ።

እነዚህ ከሌሉብዎት የማዝዝዎት ይህ ነው። ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም፣ በየቀኑ አንድ ጊዜ፣ በፍስክ ከቁርስ በፊት ግማሽ ሰዓት፣ በጾም ደግሞ በ9 ሰዓት ውጠው 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይብሉ። ስምንት ሳምንት፣ አንድ ቀን ሳይዘሉ። ተሻለዎት? በሁለት ሳምንት ውስጥ በየሁለት ቀኑ እያደረጉ ቀንሰው ያቁሙ፤ ከተመለሰ በሚይዝዎት ዝቅተኛ መጠን ይቀጥሉ፤ በዓመት አንድ ጊዜም ሐኪም ይይዎት። በስምንት ሳምንት ምንም ካልተለወጠ ሌላ ክኒን አይጨምሩ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሄደው ኢንዶስኮፒ ይታዘዝልዎት። ቁስሉ ከባድ ሆኖ ከተገኘ ስለ ቮኖፕራዛን ያኔ እናወራለን።

እህትዎ የግድ አንድ ነገር ልላክ ካሉ፣ አልጋ ላይ የሚደረግ ተዳፋት ስፖንጅ እዚያ ይሸጣል። እሱን ይላኩ።